ተሳፍሮ መውረድ፣ ወርዶ መቅመስ፦ ስለ ዴንቨር የቢራ ጉብኝት የቀረቡ የአንባብያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው በኮሎራዶ ግዛት፣ በአውሮራ ከተማ ነው። በመጪው መስከረም የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ይመጣሉ። ጋሼ ዕድሜያቸውን በቢራ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ስለሆኑ፣ ዴንቨር የትንንሽ ቢራ ጠማቂዎች ከተማ መሆኗን ሰምተው ከአሁኑ «አዙረህ ታሳየኛለህ» ብለውኛል። እኔ ግን እዚህ አገር አሥራ ሁለት ዓመት ስኖር ከአንድ ዓይነት ቢራ በስተቀር ቀምሼ አላውቅም። በአንዳንድ ከተሞች እንደ አስጎብኚ አውቶቡስ በየፌርማታው እየወረዱና እየተሳፈሩ ጠማቂዎችን የሚጎበኙበት ዝግጅት አለ ይባላል። ለእኛ ይሆናል ይላሉ? ሰክረን ሳንዋረድ፣ ሙያውን የሚያውቁትን ሰውም ሳላሰለች ቀኑን እንዴት ላሳልፈው?
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ በቅድሚያ ስሙን ላፍታታው። «ሆፕ ኦን ሆፕ ኦፍ» የሚባለው ጉብኝት አንድ ጊዜ በተከፈለ ቲኬት ቀኑን ሙሉ ከአውቶቡሱ እየወረዱ፣ ደስ ያለዎትን ያህል ቆይተው በሚቀጥለው ዙር እንደገና የሚሳፈሩበት ነው። «ሆፕ» አንድም ዘለል ማለት፣ አንድም ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው ተክል በመሆኑ የቢራ አስጎብኚዎች በቃሉ መጫወት ይወዳሉ። ጋሼ ተክሉን ከእኔም ከእርስዎም በላይ ያውቁታል፤ እርስዎ ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ሥራ ሆፕ ለቢራ እንደሚሠራ ቢያስቡት ይበቃዎታል።

እንዲህ ያለውን ቲኬት ለእናንተ አልመክርም። ዋጋው ብዙውን ጊዜ መጓጓዣውን ብቻ ስለሚሸፍን ቢራው በየቤቱ ለብቻው ይከፈላል፤ አውቶቡሱ በሰዓት አንድ ጊዜ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ቅምሻውን በሃያ ደቂቃ የጨረሰ ሰው ቀሪዋን አርባ ደቂቃ ሌላ ብርጭቆ እያዘዘ እንደሚያሳልፋት የታወቀ ነው። «የከፈልኩበት ነው» ብሎ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ቤት ሳይረግጥ መመለስ የማይፈልገው ጎብኚ፣ ከአራተኛው ቤት ወዲህ ምላሱ ምንም እንዳልለየለት የሚገባው በማግስቱ ነው። ለአንድ ቀን ሦስት ቤት ይበቃል። ዴንቨር ውስጥ ሦስት ጥሩ ቤቶችን በባቡርና በእግር ማዳረስ ስለሚቻል፣ እንዳሻ የመውረዱንና የመሳፈሩን ነፃነት ያለ አስጎብኚ ያገኙታል።

መኪናዎን ቤት ይተዉት። ብዙ ሰው ፒዮሪያ ጣቢያ ድረስ ነድቶ እዚያ ያቆማል፤ ማታ ከጣቢያው ወደ ቤት የሚነዳው ማን እንደሆነ ግን አስቀድሞ አያስብም። በአውሮራ የሚያልፈው የአር መስመር ባቡር ፒዮሪያ ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሀል ከተማ በሚሄደው የኤ መስመር ተሳፍራችሁ፣ ከመጨረሻው ጣቢያ አንድ ቀድሞ ባለው «38ኛ እና ብሌክ» ትወርዳላችሁ። ብዙዎች ጉብኝቱን ከመሀል ከተማ ጀምረው ወደዚህ ሰፈር ያቀናሉ። እኔ የምመክረው ግልባጩን ነው፤ ቢራ የሚቀመሰው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሲሆን፣ ቀላሉ ያለው በዚህ በኩል ነው።

ሪኖ በሚባለው በዚህ የቀድሞ የመጋዘን ሰፈር ቢርስታት ላገርሃውስ የሚባል ጠማቂ አለ። ጋሼ የሚደሰቱበት ቤት ይህ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተሠራ የመዳብ መጥመቂያ ጋን ባሕር አሻግረው አምጥተው የሚሠሩበት ሲሆን፣ ከጥንስሱ ከፊሉን ቀድተው ለብቻው ካፈሉ በኋላ መልሰው የሚቀላቅሉበትን አድካሚ የድሮ ዘዴ አልተዉትም። እዚያ «ስሎው ፖር ፒልስ» የሚባለውን እዘዙ፤ ቀስ ተብሎ የሚቀዳ ፒልስነር፣ ወርቃማና ቀለል ያለ የቢራ ዓይነት ማለት ነው። ቀጂው ረጅሙንና ቀጭኑን ብርጭቆ በአረፋ ይሞላውና ወደ ጎን አድርጎ ሌላ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ አረፋው ሲሰክን ይጨምርበታል፤ እንደገና ያቆየዋል። አምስት ደቂቃ ያህል አልፎ ብርጭቆው ፊታችሁ ሲደርስ አረፋው ከአፉ በላይ እንደ ጉልላት ቆሞ፣ ጋዙ በመጠኑ ወጥቶለት፣ ሆዱ የለሰለሰ ቢራ ታገኛላችሁ። እኛ ዘንድ ድራፍት አረፋው ሲበዛ «ግማሹ አየር ነው» ብሎ የሚያኮርፍ ሰው አይጠፋም፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። እዚያ ቤት ተቀምጬ ያንን አረፋ ከንፈሬ ላይ ካገኘሁት ወዲህ ግን ማኩረፌን ትቻለሁ።

ከዚያ ወደ መሀል ከተማ በእግር ስታዘግሙ፣ ግሬት ዲቫይድ የሚባለው ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ1994 በአንድ አሮጌ የወተት ማቀነባበሪያ ሕንፃ ውስጥ ሥራ የጀመረበትን የ22ኛና የአራፓሆ መንገዶች ማዕዘን ታገኛላችሁ። ቤቱ የታወቀበት «የቲ» የተባለው ጥቁር ስታውት የአልኮል መጠኑ 9.5 በመቶ ነው። ጥቁረቱ የመጣው ከተቆላ ገብስ ነው፤ ጠላ የጠመቀች እናት አሻሮውን በደንብ ቆልታ፣ እንኩሮውን እስኪጠቁር ስታማስለው የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢራ አፍንጫው ላይ ሲያስጠጋ እንግድነት አይሰማውም። ጋሼ ጠላ ይወዱ ከነበረ መጀመሪያ አሽትተውት የሚሉትን ይስሙ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ሳልነግርዎት ማለፍ አልችልም። የአሜሪካ ሙሉ ብርጭቆ 473 ሚሊ ሊትር ይይዛል። 9.5 በመቶ የሆነው ቢራ በዚህ ብርጭቆ ሲቀዳ 45 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ 4.5 በመቶ የሆነ የአገራችን ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ግን ያለው 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። እንግዲህ አንዱ ብርጭቆ ሦስት ጠርሙስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለየራሳችሁ ሙሉ ብርጭቆ አታዙ። «ፍላይት» የሚሉት፣ አራት ትንንሽ ብርጭቆዎች በጣውላ ተደርድረው የሚቀርቡበት መቅመሻ አለ፤ እያንዳንዱ አብዛኛውን ጊዜ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ አራቱ ተደምረው አንድ ሙሉ ብርጭቆ ይሆናሉ። በመጀመሪያው ቤት አንዱን ፒልስ፣ በቀሩት ሁለቱ አንድ አንድ መቅመሻ ለሁለት ተካፈሉ። በሦስት ቤት ዘጠኝ ዓይነት ቢራ ቀምሳችሁ፣ እያንዳንዳችሁ የጠጣችሁት ከአንድ ብርጭቆ ተኩል አይበልጥም። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ የመዋረዱ ስጋት ይቀራል፤ በየመካከሉ ውኃ መጠጣቱን ግን አትዘንጉ።

«ዴንቨር ከፍታ ላይ ስለሆነች ቶሎ ታሰክራለች» የሚለውን ወሬ ሰምተው ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር፣ ማለትም አንድ ማይል ላይ ናት። እንግዳዎ የሚመጡት 2,300 ሜትርን ከምታልፍ ከተማ ስለሆነ ለእሳቸው ዴንቨር ቆላ ናት፤ ይልቅስ ከረጅሙ በረራና ከሰዓት ለውጡ እስኪያገግሙ ሁለት ሦስት ቀን ይስጧቸው።

ቀኑን የምትደመድሙት ከዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ከዩኒየን ስቴሽን ማዶ ባለው ዊንኩፕ በሚባል መጥመቂያ ቤት ነው። እዚህ የሚያስደስተው ከቢራው ይልቅ ታሪኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ሥራውን ያጣ ጆን ሂክንሉፐር የተባለ የሥነ ምድር ባለሙያ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ1899 በተሠራ የንግድ ሕንፃ ውስጥ በ1988 የኮሎራዶን የመጀመሪያ የመጠጥ ቤትና መጥመቂያ ከፈተ። ሰፈሩ በዚያን ጊዜ ባዶ መጋዘን የበዛበት፣ ኪራዩም ርካሽ ነበር። ሂክንሉፐር ከዚያ የዴንቨር ከንቲባ፣ ቀጥሎም የግዛቱ ገዥ፣ አሁን ደግሞ የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኗል። ቤቱ ወጥ ቤት ስላለው ራታችሁን እዚያው ትበላላችሁ። ከዚህ ቤት ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ወግ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአፕሪል ዘ ፉል ቀልድ የኮርማ ቆለጥ የተጨመረበት ቢራ እንጠምቃለን ብለው ካወሩ በኋላ፣ ሰው ጠይቆ ስላላስቀመጣቸው በእርግጥም ጠምቀውት አረፉ።

ይህ ቀልድ ወደ አንድ ቁም ነገር ይወስደኛል። የምትወጡት ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነና የምትጾሙ ከሆነ በቢራው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቁ። «ሚልክ ስታውት» የሚባለው ቢራ ስሙ ለቀልድ የተሰጠ አይደለም፤ ላክቶስ የተባለ የወተት ስኳር ይጨመርበታል። እርሾው ይህን ስኳር ሊበላው ስለማይችል ጣፋጭነቱ በቢራው ውስጥ ይቀራል። ከዴንቨር በስተሰሜን በሎንግሞንት የሚጠምቀው ሌፍት ሃንድ በዚህ ዓይነቱ የታወቀ በመሆኑ በየመጠጥ ቤቱ ታገኙታላችሁ።

የጋሼን ፓስፖርት እንዳትረሱ። ሕጉ የሚፈቅደው 21 ዓመት ለሞላው ሲሆን፣ ሽበት ያወጣ ሰውም መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል፤ የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ ማንበብ የሚችል ቀጂ ማግኘት ዘበት ነው፣ ቢገኝም በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈው ዓመት ሌላ ክርክር ያስነሣል። የተከፈተ ቢራ ይዞ በመንገድ መሄድ ክልክል ነው። ከጣቢያ የምትወስዳችሁ ባለቤትዎ ከሆነች እሷ ምንም አትቅመስ፤ ኮሎራዶ ውስጥ በደም ያለው አልኮል 0.08 ሲደርስ ቀርቶ ከ0.05 ጀምሮም አሽከርካሪ ይከሰሳል።

ስለ ምግብ፦ ብዙዎቹ ጠማቂዎች ወጥ ቤት የላቸውም፤ ደጃፋቸው ላይ የምግብ መኪና ይቆማል፣ አንዳንዶቹም የራስን ምግብ ይዞ መግባት ይፈቅዳሉ። አስፈቅዳችሁ ጨው የሌለበት የገብስ ቆሎ ይዛችሁ ግቡ። በአንዱና በሌላው ብርጭቆ መካከል አፍ ያጸዳል፤ ደግሞም ቢራው የተሠራበትን እህል እያላመጡ ቢራውን መቅመስ ሌላ ነገር ነው። በበርበሬ የተሠራውን ግን ለማታ አቆዩት፤ ሆፕ የበዛበት መራራ ቢራ የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል።

ጋሼን ላለማሰልቸት ከሚያነሡት ወሬ አንዱ ይህ ይሁን፦ መሥሪያ ቤቱ በአጎራባችዋ ቦልደር የሚገኘው የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር «ትንሽ» የሚለው በዓመት እስከ 6 ሚሊዮን በርሜል፣ ማለትም 7 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ገደማ የሚጠምቀውን ሁሉ ነው። በዚህ መለኪያ እሳቸው የሠሩበት ትልቅ ፋብሪካም «ትንሽ» ሊሆን ስለሚችል፣ ከጠማቂው ጋር የሚያደርጉትን ክርክር እርስዎ በማስተርጎም ብቻ አይችሉትም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴና ጓደኞቹ እንዲህ ያለ ጉብኝት ሲሄዱ እኔንም ይጋብዙኛል። እኔ አልኮል አልቀምስም፤ የአምስት ዓመት ልጅም አለችን። ብሄድ ምን እሠራለሁ?
ከዴንቨር

መልስ፦ ብዙዎቹ የጠማቂ ቤቶች በቀን ልጆችን ያስገባሉ፤ አንዳንዶቹ ሰዓት ስለሚወስኑ ግን አስቀድመው ይደውሉ። ለእርስዎ በሆፕ ብቻ የተዘጋጀ፣ አልኮል የሌለው ጋዝ ውኃ አለ፤ የሆፕን መዓዛ ብቻውን ስለሚያወጣው ከጠጪዎቹ ይልቅ እርስዎ ተክሉን ያውቁታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለልጅዎ «ሩት ቢር» ይዘዙላት፤ ስሙ አያስደንግጥዎ፣ አልኮል የሌለው ጣፋጭ ለስላሳ ነው። «የማይጠጣ ሰው አለ» ተብሎ የሹፌርነቱ ሥራ ሁልጊዜ በእርስዎ ላይ እንዳይጣል ግን ከመሄድዎ በፊት ይነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ ስለ ውጭ አገር ቢራ ጠማቂዎች ብዙ ይጻፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከፋብሪካ ቢራ ውጭ እዚያው ተጠምቆ እዚያው የሚጠጣ ነገር የለም ወይ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጠላ ቤትን ረስተውታል። በሰፈርዎ ያለችው ጠላ ሻጭ እንስራዋን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ብቅሏንና ጌሾዋን ራሷ አዘጋጅታ እዚያው ጠምቃ እዚያው የምትሸጥ ናትና አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ አዲስ ግኝት ያደረጉትን ነገር ስትሠራ ኖራለች። ጀርመን አገር፣ በባምበርግ ከተማ፣ ብቅሉ በእንጨት ጭስ ደርቆ የሚጠመቅ ቢራ አለ፤ ከወይራ ጭስ ጋር ያደገ አፍ ሲቀምሰው ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል። የጠየቁት ስለ ቢራ ብቻ ከሆነ ግን በቦሌ አካባቢ ያለው ቢር ጋርደን ኢን በጀርመን ዘዴ የራሱን ቢራ እዚያው ይጠምቃል። ብሎንዲ የሚባለው ፈካ ያለ፣ ኢቦኒ የሚባለው ጠቆር ያለ ሲሆን፣ ሁለቱንም ለመቅመስ ካሰቡ በብሎንዲው ይጀምሩ።