የአንዷን ብርጭቆ አሠራር በ240 አታባዛት

አብሽር ወንድማለም፣ ጥያቄህን አየሁት። በጥር ደሴ ላይ ሰርግ አለህ፣ እንግዳው 120 ነው፣ ግማሹ አልኮል አይቀምስም፣ ለሰው ሁለት ሁለት ብርጭቆ አስበሃል። ስልክህ ላይ ያገኘኸውን የአንድ ብርጭቆ ጂን በሎሚ በ240 አባዝተህ ጄሪካን ልትሞላ ነው። ቆይ፣ አትሙላ። ስሌትህ ልክ ነው፤ ያባዛኸው ነገር ግን ጎዶሎ ነው።

1. መጀመሪያ ብርጭቆውን ለካ። ዕቃ አከራዮች «የ200 ነው» ብለው 300 የሚይዝ ይልኩልሃል፤ ብትናገራቸው «ትልቅ መሆኑ ምን ከፋህ?» ይሉሃል። የከፋው ቀጂው በዓይኑ እየሞላ ለ100 ያልከውን ለ40 ሰው ይጨርሰዋል። የአንድ ሰው ልክ 110 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው (ከየት እንደመጣ ተራ ቁጥር 3 ላይ ታያለህ)፤ ይህን ያህል ውሃ ለክተህ አንዱ ብርጭቆ ላይ ጨምርና የደረሰበትን ለቀጂዎቹ አሳያቸው። በአረቄ መለኪያ ግን አትስፈር፤ የአንዱ ቤት መለኪያ ከሌላው ቤት አይገጥምም። ቁጥር የተጻፈበት የሕፃን ጡጦ ከፋርማሲ ግዛ። ለትልልቁ መጠን ባለ 1 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ይበቃል።

2. ሂሳቡን በ100 ብርጭቆ ያዘው። ለአንዱ ጂን 45፣ የሎሚ ጭማቂ 25፣ የስኳር ሽሮፕ 20 ሚሊ ሊትር ብትል፣ ለመቶው ጂን 4.5 ሊትር (ባለ 750 ሚሊ ሊትር 6 ጠርሙስ)፣ ሎሚ 2.5 ሊትር፣ ሽሮፕ 2 ሊትር ይሆናል። ያንተ የአልኮሉ ድርሻ 120 ብርጭቆ ስለሆነ ሁሉንም በ1.2 አባዛው። ጂኑ 5.4 ሊትር ይመጣል፤ 8 ጠርሙስ ግዛ፣ ከስምንተኛው ይተርፍሃል።

ሽሮፑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ ሲሟሟ 2 ሊትር አይሆንም፣ 1.6 ሊትር ገደማ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለ2 ሊትር ሽሮፕ 1.25 ኪሎ ስኳርና 1.25 ሊትር ውሃ ያስፈልግሃል። ሙቅ ውሃ ላይ ጨምረህ እስኪጠፋ ማማሰል ይበቃል። እሳት ላይ አታቆየው፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ሽሮፑ እየጠነከረ ይሄድና ልኬትህ ሁሉ ይፋለሳል።

3. ውሃው። ዋናው ጉዳይ ይኼ ነው፣ ድግሱን የሚያበላሸውም ይኼው ነው። ባርማኑ አንዷን ብርጭቆ በበረዶ ሲንጣት በረዶው ይቀልጥና ሩብ ያህል ውሃ ይገባባታል። ይህ ውሃ አሠራሩ ላይ አይጻፍም፤ ከበረዶው ነው የሚመጣው። ጄሪካን ውስጥ የሚናጥ በረዶ የለም። ከላይ ያለው ተደምሮ 9 ሊትር ነው፤ ሩቡን 2.25 ሊትር የታሸገ ወይም ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ስትጨምርበት 11.25 ሊትር ይሆናል፣ ለብርጭቆ 112 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ጂኑ 40 በመቶ ከሆነ ያለ ውሃው መጠጡ 20 በመቶ አልኮል ይሆናል፣ ከውሃው ጋር ግን 16። ይህ የ4 ነጥብ ልዩነት በባዶ ሆድ የመጣን እንግዳ ምሳ ሳይቀርብ ያስተኛዋል። ደግሞ ውሃው የጎደለበት መጠጥ ይቆመጥጣል፤ ቀማሹ «ስኳር አንሶታል» ይልና አንድ ኪሎ ይደፋበታል፣ ከዚያ ጣፋጭ ሆነ ብሎ ሎሚ ይጨምራል። እንዲህ ሲባል 40 ሊትር የተደፋበትን ቤት አውቃለሁ። የጎደለው ግን ውሃ ብቻ ነበር።

ብርጭቆው ውስጥ በረዶ የምታስገባ ከሆነ ውሃውን በግማሽ ቀንሰው፣ ቀሪውን በረዶው ይሞላዋል። ደሴ ላይ ለጥር በረዶ ባትገዛም ትችላለህ፤ ጄሪካኑን ማታ ደጅ ብታሳድረው ብርዱ ይሠራልሃል። ሰርጉ ኮምቦልቻ ቢሆን ሌላ ነገር እልህ ነበር፤ እዚያ ለአንድ ብርጭቆ 150 ግራም በረዶ አስብ። ቅምሻህንም ሲቀዘቅዝ አድርገው፤ ለብ ብሎ የጣፈጠህ ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል።

ሎሚውን በቁጥር ከመግዛትህ በፊት አሥሩን ጨምቀህ ለካ። 150 ሚሊ ሊትር ከወጣው አንዱ 15 ሰጠ ማለት ነው፤ ለ2.5 ሊትር 167 ሎሚ፣ የተበላሸውን ጨምረህ 190። ልጣጩ የሳሳውንና እጅ ላይ ከበድ የሚለውን ምረጥ። ጂኑን፣ ሽሮፑንና ውሃውን ማታ ቀላቅለህ አሳድር፣ ሎሚውን ግን ጠዋት ጨምቀህ፣ አጥልለህ ጨምርበት፤ ያደረ የሎሚ ጭማቂ ይመራል። ሎሚ ያለበትን ነገር በአሉሚኒየም ድስትም ሆነ በቆርቆሮ በርሜል አታስቀምጥ፣ ብረት ብረት ይላል። ጄሪካኑም ዘይት ወይም ጠላ የነበረበት እንዳይሆን፤ ሽታው በሳሙና አይለቅም። ለስላሳ ወይም አምቦ ውሃ ካሰብክ ጄሪካን ውስጥ አታስገባ፣ ጋዙ ይወጣል፤ ሲቀዳ ብርጭቆው ላይ ነው የሚጨመረው።

ቀረፋና ቅርንፉድ አይባዙም። ለብርጭቆ አንድ ብለህ 100 ፍሬ ቅርንፉድ ብትዘፈዝፍ አፍ ያደነዝዛል። በሩብ ጀምርና ከሁለት ሰዓት በኋላ ቅመስ፤ ከበቃው አውጣው፣ ካላወጣኸው እየጠነከረ ነው የሚሄደው።

አሁን የማይጠጡት። ጂኑን ትተህ የቀረውን ብትሰጣቸው የሎሚ ውሃ እንጂ ኮክቴል አይሆንም። ካርካዴ ይሻላል። ለ100 ብርጭቆ 200 ግራም ካርካዴ በ8.5 ሊትር የፈላ ውሃ ዘፍዝፍ፤ አበባው አንድ ሊትር ያህል ስለሚጠጣ ስታጠልለው 7.5 ይቀርሃል። 2 ሊትር ሽሮፕና 1.5 ሊትር ሎሚ ጨምርበት፣ 11 ሊትር ይመጣልሃል። ሎሚው ያነሰው ካርካዴው ራሱ ስለሚኮመጥጥ ነው። ሌላ ውሃ አትጨምር። ዝንጅብል ከወደድክ 50 ግራም ደቁሰህ አብረህ ዘፍዝፍ። አንተም በ1.2 ማባዛትህን እንዳትረሳ።

ይህንን ግን በአንድ ዕቃ እንዳትሞክረው። ሥጋው ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ለየብቻ እንደሚታረደው መጠጡም ከጭልፋው፣ ከማጥለያው፣ ከጆጉ ጀምሮ የተለየ ይሁን፤ «ታጥቧል» የሚለው ቃል እናቶቹ ዘንድ አይሠራም፣ ልክም ናቸው። መጀመሪያ የካርካዴውን ጨርሰህ ክደን፣ ጂኑን የምትከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። የአልኮሉን ጄሪካን አንገት በቀይ ፕላስተር ጠቅልለው፣ ቀጂውም አንድ ሰው ለአንድ ጄሪካን ይሁን።

ብርጭቆዎቹ ሲመጡ ለክተህ ስንት እንደሚይዙ እዚሁ ጻፍልኝ፤ 110 የማይመቻቸው ከሆነ ቁጥሩን አብረን እናስተካክለዋለን።