25 ፈረስ የት ገባ?

ባለፈው ስለ ዳይኖ ጥቂት ብዬ ነበር። መኪናውን ሮለር ላይ አስሮ፣ ጎማውን እዚያው እያሽከረከረ ጉልበቱን በ«ፈረስ» ቆጥሮ የሚለካው ማሽን ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎረፈ። ውድድር ለማዘጋጀት ያሰባችሁም አላችሁ። ይበል ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ሌሊት ከመሽቀዳደም፣ ታስሮ ማስጮህ በስንት ጣዕሙ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቪትዜ ባለ 1 ሊትር ናት። በፋብሪካ ወረቀቷ 70 ፈረስ ይላል። ሮለር ላይ ወጥታ 45 አመጣች። ጓደኞቼ መሳቂያ አደረጉኝ። ማሽኑ ነው የዋሸው ወይስ የሚለካው ልጅ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም አልዋሹም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብህ። የበላህ ከፍታው ነው።

70 የተለካው ሞተሩ ላይ ነው፤ ሒሳቡም የባሕር ጠረፍ አየርን ይዞ ነው። አንተ ያለኸው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ አየሩ ሳስቷል። ሞተር ደግሞ የሚያቃጥለው ቤንዚን በሚስበው አየር ልክ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ100ው 23 ያህሉን ይጥላል። 70ው 54 ሆነ ማለት ነው። ከሞተሩ እስከ ጎማው ደግሞ ካምቢዮው አለ፣ አክሱ አለ፣ የጎማው የራሱ መተሻሸት አለ። እነሱ በተለምዶ 15 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። 46 ቀረህ።

የጠፋብህ አንድ ፈረስ ነው። እሱን የአየር ፊልትሮህ ውስጥ ፈልገው። እኔ የራሴን ስከፍተው አቧራው እንደ በርበሬ ተቆልሎ፣ መሃሉ ላይ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተኝቶበት አግኝቻለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነኝ፣ ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ። ሁለታችንም ባለ 1.8 ኮሮላ አለን። የእኔ ጎማ ላይ 113 አመጣ፣ የእሱ 88። በክትፎ ተወራርደናል። ማን ይጋብዝ?

መልስ፦ ሒሳቡን ተካፈሉ። ከ113 ላይ 23 በመቶ ቀንስና እየው፤ 87 ነው። ወንድምህ እንዲያውም በአንድ በልጦሃል፣ ግን በአንድ ፈረስ ክትፎ አይበላም።

አንድ ነገር ግን አጣሩ። ማሽኑ የአየሩን ሁኔታ አይቶ ቁጥሩን የሚያስተካክልበት ስሌት አለው። ኤስኤኢ ጄ1349 የሚባለው የአሜሪካኑ ስሌት 25 ዲግሪ ሙቀትና 99 ኪሎ ፓስካል የደረቅ አየር ግፊትን መነሻ ያደርጋል። የጀርመኑ ዲን 70020 ደግሞ 20 ዲግሪና 1,013 ሚሊባር ይላል። ከሁለት አንዳችሁ ወረቀት ላይ ማስተካከያው በርቶ ከሆነ ውርርዱ ፈረሰ። ማሽኖቹም ራሳቸው አንድ አይደሉም። ከባድ ሮለር በማስፈንጠር ብቻ የሚለካ አለ፤ ሮለሩን በፍሬን እየያዘ የሚለካ አለ። ያው መኪና ሁለቱ ላይ የተለያየ ቁጥር ያወጣል።

ጥያቄ፦ 20 ጓደኛሞች ነን። ከቪትዝ እስከ ባለ ቱርቦ ሱባሩ አለን። ሮለር ያለው ጋራዥ ለአንድ እሑድ ሊሰጠን ተስማምቷል። ጭቅጭቅ እንዳይነሳ እንዴት እናድርገው?

መልስ፦ ጭቅጭቁ አይቀርላችሁም፤ ግን ማሳነስ ይቻላል። አንድ ማሽን፣ አንድ ቀን፣ አንድ ለኪ። ማሽኑን የሚነካው ተወዳዳሪ አይሁን።

ቱርቦ ያለውና የሌለው ለየብቻ ይሁን። የአዲስ አበባን ማስተካከያ ለሁሉም እኩል ካበራችሁ ባለ ቱርቦው በነፃ ፈረስ ይታደለዋል። ቱርቦ የሳሳውን አየር ራሱ ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ያን ያህል አልጎዳውም፤ ማሽኑ ግን የተጎዳ መስሎት ይክሰዋል። እኔ ብሆን ማስተካከያውን አጥፍቼ ጥሬውን ቁጥር ነበር የምወስደው።

የጎማ ንፋስ በአንድ መለኪያ ይታይ። ሁሉም ሦስት ጊዜ ይሂድ፣ አማካዩ ይያዝ። ሦስተኛው ላይ ሞተሩ ስለሚግል ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ኮፈን ተከፍቶ፣ ትልቅ ማራገቢያ ፊት ለፊት ቆሞ፣ በየመሃሉ እኩል እረፍት ይሰጥ። ሱባሩው አራቱንም ጎማ ስለሚያዞር፣ ማሽኑ ለሁለት ጎማ ብቻ ከሆነ አይውጣ። ካምቢዮውን ይበላዋል፣ ከሮለሩም ሊዘል ይችላል።

ተመልካቹን በጎን አቁሙት። ከፊትና ከኋላ ማንም አይቁም። አንድ ጋራዥ ውስጥ በጎማ ጥርስ መሃል የተሰካ ጠጠር ተፈናጥሮ የቆርቆሮ በሩን ጧ! ሲያደርገው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሩ ላይ የቀረው ስርጉድ አውራ ጣት ያስገባል። ከዚያን ቀን ወዲህ ከመለካቴ በፊት ተንበርክኬ በመፍቻ ጠጠር እለቅማለሁ። ጭሱንም በቱቦ ወደ ውጭ አውጡት፤ ዝግ ቤት ውስጥ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይታወቅ ይገድላል።

ጥያቄ፦ የአባቴን አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ሮለር ላይ ባወጣት ሞተሯ ይሰነጠቃል?

መልስ፦ ዘይትና ውሃዋ ሙሉ ከሆነ፣ ካልጋለች፣ አንዱ ሙከራ ከአቀበት አይብስም። 4ኛ ማርሽ ላይ ይለኩልህ፤ እሷ ላይ ወደ ካምቢዮው የሚገባውና ከካምቢዮው የሚወጣው ዙር አንድ ለአንድ የሚሆነው በእሱ ነው። የምፈራልህ ለጎማው ነው። ጎኑ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ጎማ ከሆነ ተበድረህ ቀይር። ደግሞ አባትህን አስፈቅድ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ይግባ?

መልስ፦ ይግባ፣ ግን በራሱ ምድብ። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ ስለሆነ ልትተዋቸው አትችልም። አየር ስለማይስቡ ከፍታ አይነካቸውም። ከቪትዝ ጋር ብታሰልፋቸው ግፍ ነው። ሁሉም ከ80 በመቶ በላይ ቻርጅ ይዘው ይምጡ፤ ባትሪው ሲወርድ ጉልበቱም ሊወርድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለአሸናፊው ምን እንሸልም?

መልስ፦ ብዙ ፈረስ ላመጣው ዋንጫ ይበቃዋል፣ ሌላውን ሱባሩው ሰጥቶታል። እኔ ሌላ ሽልማት እጨምር ነበር፦ ከፋብሪካ ቁጥሩ በመቶኛ ብዙ ላስቀረው። እሱን ዲኤክሷ ልትወስደው ትችላለች። ለመጨረሻው ደግሞ አዲስ የአየር ፊልትሮ ይሰጠው።