የሚንተባተብ ፈዝ እና ከንፈር የሚነዝር ማይክ

ጥያቄው በአጭሩ የሚከተለው ነው። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጀማሪ ከውጭ ባስመጡት ኪት (ተበታትኖ በሚመጣ የመገጣጠሚያ ዕቃ) የጊታር ፈዝ ፔዳል፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ አጉልቶ የሚያሻክር በእግር የሚጫን መሣሪያ፣ ገጣጥመዋል። ኃይል የሚሰጡት ጫፉን ቆርጠው በገጠሙት ባለ 9 ቮልት የዋይፋይ ቻርጀር ነው። መጀመሪያ ፔዳሉ በደንብ ይሠራ ነበር፤ ከበስተኋላው የሚሰማ ጉርምርምታ ስለነበረው ግን ሙያውን ያውቃል የተባለ ጓደኛቸው ሁለቱን ቢሲ547 ትራንዚስተሮች (ድምፁን የሚያጎሉትን ባለ ሦስት እግር ዕቃዎች) ነቅሎ ከመርካቶ በተገዙ ሁለት 2ኤን3904 ተካቸው፤ የቀሩትንም ብየዳዎች አንድ በአንድ ደገማቸው። ከዚያ ወዲህ ጉርምርምታው ሳይጠፋ ሌላ ችግር ተጨመረ። ፔዳሉ ሲበራ ድምፁ ደክሞ ይወጣል፣ ክሩ በኃይል ካልተመታ አይሰማም፣ ሲሰማም ተንተባትቦ በድንገት ይቋረጣል። ፔዳሉ ሲጠፋ የጊታሩ ድምፅ ያለ ችግር ያልፋል። ጠያቂው በመጨረሻ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ጊታሩን ይዘው ሲዘፍኑ ማይኩ አልፎ አልፎ ከንፈራቸውን እንደሚነዝራቸው ጠቅሰዋል።

ፔዳሉ ይቆየን፤ የሚያሳስበኝ ከንፈርዎ ነው። የጊታሩ ክሮች በጃኩና በኬብሉ በኩል ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። የአምፕሊፋየሩ ስፒና የመሬት መስመሩን ካላገኘ ያ ብረት፣ ከእርሱም ጋር ክሮቹ፣ ከመሬት የተለየ ቮልቴጅ ይይዛሉ፤ ማይኩ ደግሞ ከሌላ ማሽን ጋር የተያያዘ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሆነው የእርስዎ እጅና ከንፈር ነው። ዛሬ መንዘር ብቻ ሆኖ ያለፈው ነገር በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ዕቃ በተበላሸ ቀን ሙሉ 220 ቮልት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሌስ ሃርቪ የተባለ የስኮትላንድ ጊታር ተጫዋች በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ማይክ ሲነካ በኤሌክትሪክ ተመትቶ ሞቷል። ስለዚህ የመሬት መስመሩ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስኪረጋገጥ ድረስ ጊታሩንና ማይኩን አብረው አይያዙ። ከተረጋገጠም በኋላ አምፕሊፋየሩንና የማይኩን ማሽን የመሬት መስመር ባለው በአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። በየሱቁ የሚሸጡት ርካሽ ዲቫይደሮች ብዙዎቹ የመሬቱ ብረት በውጭ ይታይባቸዋል እንጂ በውስጥ ሽቦ አልተሠራላቸውም።

አሁን ወደ ፔዳሉ። ፔዳሉ ሲጠፋ ድምፁ የሚያልፍ ከሆነ ጃኮቹም ማብሪያውም ጤነኛ ናቸው። ሲበራ ደክሞና እየተቆራረጠ የሚወጣ ከሆነ፣ ይህም የጀመረው ትራንዚስተሮቹ በተቀየሩ ማግስት ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ከመፈለግ በፊት ትራንዚስተሮቹ ተገልብጠው ገብተዋል ብዬ እነሣለሁ። ጠፍጣፋው ፊት ወደ እርስዎ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ሲታዩ የቢሲ547 እግሮች ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ናቸው፤ ቤዙ መቆጣጠሪያው ነው፣ ዋናው ከረንት የሚያልፈው በኮሌክተሩና በኤሚተሩ መካከል ነው። የ2ኤን3904 ግን ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። በቦርዱ ላይ የታተመው የግማሽ ክብ ምልክት የተሣለው ለመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ፣ ጓደኛዎ ምልክቱን አይቶ አዲሶቹን በዚያው ሲያስገባ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ቤዙ በሁለቱም መካከል ላይ ስለሆነ መፍትሔው ነቅሎ ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ተቃራኒው አዙሮ መመለስ ነው።

ታዲያ የተገለበጠ ትራንዚስተር ለምን ጨርሶ ዝም አይልም? ይህን ማብራሪያ ሥራ ቦታዬ የሚመጡት ወጣቶች ሰልችተውታል፤ ነገር ግን ይህን የተረዳ ሰው የፈዝን ሕመም ግማሹን በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ብቻ ያውቀዋል። የእርስዎ ኪት፣ ከላኩት ሥዕል እንደምረዳው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ በአርቢተር ኩባንያ የወጣው ፈዝ ፌስ የተባለ ፔዳል ዝርያ ነው። ሁለት ትራንዚስተሮች፣ ከዚያም ሬዚስተሮች (ከረንት የሚገድቡ ዕቃዎች)፦ 33 ኪሎ ኦም፣ 8.2 ኪሎ ኦም፣ 470 ኦም፣ ከሁለተኛው ኤሚተር ወደ መጀመሪያው ቤዝ የሚመለስ 100 ኪሎ ኦም፤ ከዚህ ሌላ ያሉት ጥቂት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ዕቃዎች) እና ሁለት ማዞሪያዎች ብቻ ናቸው። ክር ሳይመታ የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ከ9 ቮልቱ ግማሽ ላይ፣ ማለትም 4.5 ቮልት አካባቢ፣ ማረፍ አለበት። ክሩ ሲመታ ይህ ቮልቴጅ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፤ ላይኛው ጣሪያ 9 ቮልት፣ ታችኛው ወለል 1 ቮልት ገደማ ነው። ፈዝ ማለት ማዕበሉ ጣሪያውንና ወለሉን እየመታ አናቱና እግሩ ሲቆረጥ የሚሰማው ድምፅ ነው።

ትራንዚስተር ተገልብጦም ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ኤሚተሩና ኮሌክተሩ እኩል ሆነው ስላልተሠሩ፣ በትክክል ሲገባ ከመቶ በላይ የነበረው ማጉላቱ ሲገለበጥ ወደ ጥቂት እጥፍ ይወርዳል። የመጀመሪያው ትራንዚስተር እንዲህ ሲደክም ከ9 ቮልቱ በ33 ኪሎ ኦሙ በኩል የሚመጣውን ከረንት ወደ መሬት (እዚህ ላይ የባትሪው ኔጌቲቭ ወደሚያያዝበት የቦርዱ መስመር) ለመሳብ በቤዙ በኩል ብዙ ከረንት ይፈልጋል፤ በ100 ኪሎ ኦሙ በኩል የሚደርሰው ግን ኢምንት ነው። ስለዚህ ያ ከረንት ሁሉ ማለት ይቻላል ከመጀመሪያው ኮሌክተር ጋር ወደ ተያያዘው ወደ ሁለተኛው ቤዝ ይጎርፋል፤ ሁለተኛው ሙሉ በሙሉ ይከፈትና ኮሌክተሩ ወለሉ ላይ፣ 1 ቮልት ገደማ ላይ፣ ይቀራል። መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ከዚያ በታች መቀመጥ እንደማይችል ሁሉ ማዕበሉም ወደ ታች የሚሄድበት የለውም። ወደ ላይ ለመውጣትም ትራንዚስተሩን ለቅጽበት የሚዘጋ ጠንካራ ምት ያስፈልጋል። ክሩን በኃይል ሲመቱ ብቻ መሰማቱ፣ ክሩ ሲደክም ደግሞ ድምፁ እየሳሳ በመሄድ ፈንታ በድንገት መቆረጡ ከዚህ የተነሣ ነው።

ነቅለው ሲያወጡ ሊዱን (ብየዳው የተሠራበትን ቀላጭ ብረት) በመምጠጫ ይሳቡ፤ መበየጃው አንድ እግር ላይ ከሁለትና ከሦስት ሰከንድ በላይ አይቆይ፤ እግሩን በፒንሳ በኃይል አይጎትቱ፤ የቦርዱ መዳብ ተላጦ ይነሣል። የወጣውን ትራንዚስተር መልቲሜትርዎ ላይ ባለው የትራንዚስተር መለኪያ ቀዳዳ ይሞክሩት፦ በትክክል ሲገባ ከመቶ በላይ፣ ሲገለበጥ ጥቂት ቁጥር ያሳያል። መርካቶ የሚሸጠው በላዩ የተጻፈውና በውስጡ ያለው ሁልጊዜ አንድ ስለማይሆን ከጽሑፉ ይልቅ መለኪያውን ይመኑ። ሌላ ጊዜ በቀጥታ ከመበየድ ይልቅ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት በይደው ትራንዚስተሩን በላዩ ይሰኩ፤ ከጥቂት ብር ያልበለጠ ነገር ነው።

የጓደኛዎን ብየዳ በፎቶው ላይ አይቻለሁ። ሊዱ በቦርዱ ላይ ክምር ሠርቷል፤ በዙሪያው አረንጓዴ የሚመስል ቅሪት ይታያል። ይህ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) አይደለም፤ ቆርቆሮ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት አሲድ ነው። አሲዱ መዳቡን ቀስ በቀስ ይበላል፤ እርጥበት ሲያገኝም በእግሮቹ መካከል ከረንት ያሳልፋል፤ ፈዝን በመሰለ ብዙ በሚያጎላ ሰርኪት ላይ ይህ መንጫጫት ይሆናል። ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ደጋግመው ይጠቡት፤ ደርቆ ከመታየቱ በፊት ኃይል አይስጡት።

መጀመሪያ ያማረረዎት ጉርምርምታ ከትራንዚስተሮቹ ጋር የሚያያይዘው አልነበረም፤ ጥርጣሬዬ ሁሉ ቻርጀሩ ላይ ነው። የዋይፋይ ቻርጀር ለዋይፋይ እንጂ ለድምፅ አልተሠራም፤ ዋይፋዩ የማይሰማውን ቆሻሻ ፈዙ በብዙ እጥፍ አጉልቶ ያሰማዎታል። በአዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሞክሩት፤ ጉርምርምታው ከጠፋ ለፔዳል የተሠራ፣ መካከለኛው ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር ይግዙ። ቻርጀሩን ለማስተካከል ብለው አይክፈቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። በባትሪ ሲሠሩ ፔዳሉ ራሱ አይነዝርም፤ አምፕሊፋየሩ ግን አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ የመሬት መስመሩ ካልተረጋገጠ ማይኩን አይንኩ።

ትራንዚስተሮቹን አዙረው ከመለሱ በኋላ፣ በባትሪ፣ ጊታር ሳይሰኩ ይለኩ። የመልቲሜትሩ ጥቁር ሽቦ በቦርዱ መሬት (በባትሪው ኔጌቲቭ) ላይ ይሁን። የመጀመሪያው ኮሌክተር ከ1.2 እስከ 1.4 ቮልት፣ የሁለተኛው ኤሚተር 0.7 አካባቢ፣ የሁለተኛው ኮሌክተር ከ3 እስከ 5 ቮልት መሆን አለበት። የመጨረሻው ከ4.5 ከራቀ በ8.2 ኪሎ ኦሙ ቦታ ባለ 20 ኪሎ ኦም ትሪመር (ዋጋው በማዞር የሚለዋወጥ ሬዚስተር) ያስገቡና በካቻቪቴ እያዞሩ ያስተካክሉት። ንባቡ አሁንም 1 ቮልት አካባቢ ከሆነ 33 እና 100 ኪሎ ኦሞቹ በሌላ ዋጋ ተተክተው እንደሆነ አንድ እግራቸውን አንሥተው ይለኩ፤ በሰማያዊ ገላ ላይ ቡናማና ቀይ፣ ቀይና ብርቱካን ቀለሞች ስለሚያሳስቱ በዓይን አይፍረዱ። እነዚህም ልክ ሆነው ከተገኙ ሦስቱን የቮልቴጅ ንባቦችና የቦርዱን የፊትና የኋላ ፎቶ ይላኩልኝ።