መልስ፦ "ጂፕሲ" ብዬ ልተርጉም ወይስ "ሮማ"?

የጠየቅከው ጽሑፍ ስለ ጀርመን ስለሆነ "ጂፕሲ" አትበል፣ "ሲንቲና ሮማ" በል። ሮማ አውሮፓ ውስጥ በየአገሩ ተበትነው የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፣ ሲንቲ ደግሞ ጀርመን አካባቢ ለረጅም ዘመን የኖሩት ወገኖቻቸው ናቸው። እንግሊዝ አገር ያሉትና ራሳቸውን ጂፕሲ ብለው የሚጠሩት ከመጡብህ ግን ስማቸውን አትቀይርባቸው፣ እዛ እኮ በኩራት የሚጠሩበት ብዙ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይም ብሔር ሲጠየቅ "ጂፕሲ ወይም አይሪሽ ትራቭለር" (ከአየርላንድ የመጡ ተንቀሳቃሽ ሕዝቦች) የሚል ለብቻው ምርጫ ነበር።

ጂፕሲ የሚለውን ከግብጽ የመጡ መስሏቸው ሌሎች ናቸው ያወጡላቸው፣ መነሻቸው ግን ሰሜን ህንድ ነው። የጀርመንኛው "ጺጎይነር" ደግሞ በጣም ይብሳል፣ ናዚዎች በዚህ ስም ነው እየመዘገቡ የፈጇቸው፣ አውሽቪትዝ በሚባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ውስጥ ክንዳቸው ላይ ከቁጥሩ በፊት የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ዜድን ይነቅሱባቸው ነበር። ስለዚህ ለአንተ ተራ ቃል ቢመስልህም አያቱን እዛ ያጣ ሰው ሲሰማው ምን እንደሚሰማው አስብ። የዛን ዘመን ሰነድ ቃል በቃል የምትጠቅስ ከሆነ ብቻ በትምህርተ ጥቅስ አስገባው።

"ሮም" በራሳቸው ቋንቋ ሰው፣ ወንድ ማለት ነው፣ ብዙ ሲሆኑ ሮማ። እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን አጠገብ የተሰበሰበው የመጀመሪያው የዓለም ሮማኒ ኮንግረስም ይሄንኑ ነው የመረጠው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ "የሮማ ሕዝብ" ብዬ ተርጉሜ ያነበቡት ሰዎች የጣሊያኗን ከተማ ነው የተረዱት፣ ሩማንያ የመሰለውም ነበር። መጀመሪያ ላይ "ሮማ የሚባሉት፣ ሮማኒ ቋንቋ ያላቸው ሕዝቦች" ብለህ አንዴ አብራራና ከዛ በኋላ ሮማ እያልክ ቀጥል።