«ኪልድ» ብሎ የሞተው ፕሮግራም ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም

ወንድሜ፣ «አንዱ ስክሪፕት ዊንዶውስ ላይ ‹ሜሞሪ ኤረር› ብሎ ይቆማል፣ ሊኑክስ ላይ ግን ‹ኪልድ› ብቻ ብሎ ድርግም ይላል፤ የቱ ነው የተበላሸው?» ላልከው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው።

ዊንዶውስ ቆጥሮ ነው የሚሰጠው። ራምና ፔጅ ፋይል (ዲስክ ላይ ያለው የራም መጠባበቂያ) ተደምረው ከሚችሉት በላይ ቃል አይገባም፤ ሲሞላ «የለም» ይልሃል፣ ፕሮግራምህም ኤረሩን ተናግሮ ይወድቃል። ሊኑክስ ካልነካካኸው በዱቤ ነው የሚሠራው። 2 ጊጋ ስትጠይቀው «እሺ» ይላል፤ ራሙ የሚያዘው ግን በትክክል ስትጽፍበት ነው። አብዛኛው ፕሮግራም የጠየቀውን ሁሉ ስለማይጠቀም ያዋጣዋል። ሁሉም ባንዴ «አምጣ» ያሉ ቀን ግን ኦኦኤም ኪለር (ሜሞሪ ሲያልቅ ፕሮግራም የሚገድለው የሊኑክስ ክፍል) አንዱን መርጦ ሲግናል 9፣ ማለትም «አሁኑኑ ሙት» የሚል ትዕዛዝ፣ ይልክበታል። ይህን ሲግናል ማንም ፕሮግራም ሊይዘው ስለማይችል ሎግህ ላይ አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፍ ይሞታል። ኤግዚት ኮዱ (ፕሮግራሙ ሲያበቃ የሚተወው ቁጥር) 137 ከሆነ ያው ነው፤ 128 ሲደመር 9።

እኔን ሁለት ሳምንት ያንገበገበኝ የኪለሩ ምርጫ ነው። ደብረ ብርሃን፣ አጎቴ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ፣ 4 ጊጋ ራም ባላት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የዕቃ መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። ጠዋት በዚያ ብርድ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ስገባ ዳታቤዙን፣ ማይኤስኪውኤልን፣ ሞቶ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ መብራቱን አማሁ (መብራት ማማት ቀላል ነው)፤ ኮምፒውተሯ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ነው ያደረችው። ቀጥዬ ዳታቤዙን ሁለቴ አጥፍቼ ጫንኩት። በመጨረሻ ዲሜሴጅን (የሊኑክስ ከርነል መልእክቶችን የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ስከፍት «አውት ኦፍ ሜሞሪ፦ ኪልድ ፕሮሰስ» የሚለው መስመር ተገኘ። ቁም ነገሩ ያለው ግን ከሱ በላይ ባለው የፕሮሰሶች ሰንጠረዥ ላይ ነው። የሜሞሪ ቁጥሮቹ በፔጅ (ሊኑክስ ሜሞሪን በሚከፍልበት ቁራጭ) ስለሆኑ በ4 ኪሎባይት አባዛቸው። ስደምረው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚነሳው የራሴ የፓይተን ሪፖርት ራሙን እየዋጠ ነበር። ኪለሩ በብዛት ትልቁን ስለሚመርጥ፣ ትንሽ በለጥ ያለው ዳታቤዝ የሱን ዕዳ ከፈለ።

ሪፖርቱ የዓመቱን ሽያጭ ባንዴ ይጭን ነበር፤ አንድ ሺህ አንድ ሺህ መስመር እያነበበ እንዲሄድ አደረግኩት። 2 ጊጋ ስዋፕ (የሊኑክስ ፔጅ ፋይል በለው) ጨመርኩ፣ ኪለሩ ዳታቤዙን ቶሎ እንዳይመርጠውም የኦኦኤም ስኮር ማስተካከያውን -500 አደረግኩ። (-1000 ጭራሽ እንዳይነካ ያደርገዋል፤ ለሁሉም ከሰጠኸው ማንን ይግደል?) ኦቨርኮሚትን (ያን የዱቤ አሠራር የሚወስነውን ቅንብር) 2 ብታደርገው እንደ ዊንዶውስ ቆጣሪ ይሆናል፤ እኔ ጋ ግን ብሮውዘሩ እንኳ አልከፈት አለኝ፣ መለስኩት።

ኮድህን ገና አትንካው። ሰንጠረዡን ከነመስመሩ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እንየው።