የነጣ ፎቶ በፊልተር ይመለሳል? ከሐዋሳ ጀማሪ ፎቶ አንሺዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ከሐዋሳ ጀማሪ ፎቶ አንሺዎች የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ብርሃን በዝቶበት ስለነጣ ፎቶና ስለ ፊልተር ስለሆኑ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳዎችን በስልኬ ሳነሳ የወፎቹ ሆድም ከኋላ ያለው ሰማይም ነጭ ወረቀት መሰለ። ያሉኝን ፊልተሮች ሁሉ ብሞክርም አልተስተካከለም።

መልስ፦ ይህ ፎቶ አይመለስም፤ በግልጽ ብነግርዎ ይሻላል። በተለመደው ጄፔግ ፎቶ እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር ይያዝለታል። ሦስቱም 255 ላይ ከደረሱ በኋላ አንዱ ላባ ከሌላው፣ ደመናውም ከሰማዩ የሚለይበት ነገር የለም፤ ፊልተሩ ያንን ቦታ ቢያጨልመው ነጩ ግራጫ ይሆናል እንጂ ላባ አይወጣበትም። የስልኩ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ስለሚሞክር፣ የአባ ኮዳው ጥቁር ጀርባ ምስሉን ሲሞላው ስልኩ ብርሃን ያነሰ መስሎት ይጨምራል፤ ነጩ ሆድ የሚጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ጣትዎን ነጩ ሆድ ላይ አሳርፈው መለኪያው እስኪቆለፍ ድረስ ይያዙ፤ ከዚያ የብርሃኑን ምልክት ትንሽ ወደ ታች ይሳቡት። ጀርባው ቢጨልም አይስጉ፤ ከጨለማ ውስጥ ዝርዝር ማውጣት ይቻላል፣ ከነጣ ቦታ ግን አይቻልም።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ስለማይታየኝ መንጣቱን የማውቀው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

መልስ፦ ካሜራዎ ሂስቶግራም (ከግራ ጨለማውን፣ ከቀኝ ብሩሁን የሚያሳይ የብርሃን ግራፍ) ካለው እሱን ይመልከቱ፤ ግራፉ የቀኙን ጠርዝ ተደግፎ ከቆመ ብርሃኑ በዝቷል።

ጥያቄ፦ እህቴን በነጭ የሐበሻ ቀሚስ ሐይቁ ዳር ላነሳት እፈልጋለሁ። ፊቷን ሳስተካክል ቀሚሱ ይነጣል፤ ቀሚሱን ሳስተካክል ፊቷ ይጠቁራል። የትኛውን ልተው?

መልስ፦ ሁለቱንም ሳይተዉ ሰዓቱን ይለውጡ። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሚገኝ፣ ሐይቁን ከኋላዋ አድርገው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ቢያነሷት ፀሐይዋ ከእርስዎ ጀርባ ሆና ፊቷን ታበራለች፤ አመሻሽ ላይ ግን ብርሃኑ ከእህትዎ ጀርባ ስለሚመጣ ፊቷ መጨለሙ አይቀርም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ሆና ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። የግድ በቀትር ከሆነ ዳር ካሉት ዛፎች ጥላ ሥር ያስገቧት፤ ነገር ግን ከኋላዋ የሚታየው ብሩህ ሰማይ ሳይሆን ቅጠል ይሁን። አንድ ሰው ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ ፊቷ ቢመልስላት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከየትኛውም የውበት ፊልተር የተሻለ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ) ወይም ኤንዲ (ብርሃን የሚቀንስ) ፊልተር ሌንሱ ላይ ብገጥም መንጣቱ ይቀራል?

መልስ፦ ብዙዎች ይህን ተስፋ አድርገው ይገዛሉ፤ ካሜራው አውቶ ላይ ከሆነ ግን አይቀርም። ለምሳሌ ኤንዲ 8 ከብርሃኑ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ቢያሳልፍም፣ ካሜራው የተቀነሰውን ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) በማዘግየት ወይም አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ትብነት) በመጨመር ያካክሰዋል፤ ፎቶውም ያው ይሆናል። ኤንዲ የሚጠቅመው የሐይቁን ሞገድ በረጅም ሹተር ለማለስለስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ፖላራይዘር ግን የውሃ ላይ ነጸብራቅን ስለሚቀንስ፣ ይህንንም በኋላ በኤዲቲንግ ማምጣት ስለማይቻል፣ ለሐዋሳ ሰው ገንዘቡ የሚቆጭ አይደለም። ሰማዩን ይበልጥ የሚያጠቁረው ከፀሐይዋ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ወደ ጎን ሲዞሩ ነው።

ጥያቄ፦ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ማንሳትስ?

መልስ፦ ካሜራዎ ከፈቀደ ያንሱ። ባለ 14 ቢት ሮው ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም እስከ 16,384 ደረጃ ስለሚይዝ፣ በጥቂቱ የነጣ ደመና ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሙሉ በሙሉ የነጣው በሮውም አይመለስም።

ጥያቄ፦ ስናፕሲድ (የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ) ላይ መጀመሪያ ፊልተር ልጨምር ወይስ ብርሃኑን ላስተካክል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሃይላይቱን (የብሩህ ቦታዎቹን ብርሃን) ይቀንሱ፣ ቀጥሎ ጨለማ ቦታዎቹን ያብሩ፤ ፊልተሩ ይከተል። አብዛኞቹ ፊልተሮች ኮንትራስት (የብሩህና የጨለማ ልዩነት) ስለሚጨምሩ ያስተካከሉትን ነጭ መልሰው ሊያነጡት ይችላሉ፤ ያኔ የፊልተሩን ኃይል መቀነስ ነው።

ጥያቄ፦ የነጣ የጀንበር መጥለቂያ ፎቶን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ማጭበርበር ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የነጣን ሰማይ ብርቱካናማ ቀብቶ ጀንበር ማስመሰል ነው እንጂ እኔን የሚከነክነኝ። ጀንበር ስትጠልቅ ቀድሞ የሚሞላው ብዙ ጊዜ ቀዩ ቀለም ስለሆነ፣ በአረንጓዴውና በሰማያዊው ውስጥ የደመናው ቅርጽ ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ጥቁርና ነጩን በአረንጓዴ ወይም በሰማያዊ የቀለም ማጣሪያ ይሞክሩት።