«እዚያ ማንም አይቆጣኝም»

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከኮምቦልቻ የላኩልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ከባለቤትዎ ከተለያዩ 2 ዓመት ሆኖዎታል፤ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እየሠሩ የ11 ዓመት ወንድ ልጅዎንና የ7 ዓመት ሴት ልጅዎን ብቻዎን ያሳድጋሉ። ልጅዎ ቅዳሜና እሑድን ደሴ ከአባቱና ከእንጀራ እናቱ ጋር አሳልፎ ሲመለስ «እዚያ ማንም አይቆጣኝም፤ አንቺ ግን ሁልጊዜ ትቆጫለሽ» ይልዎታል። ታናሽ እህቱ ግን እርስዎን ደግ ናት ትላለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ ቤቱ አባት ስለሌለበት?» ሲሉ ጠይቀውኛል።

ልጅዎ አልዋሸም፤ ያየው ግን ከቆመበት ሆኖ ነው። የእንጀራ እናቱ የምታገኘው በእረፍት ቀኑ ስለሆነ ሰኞ ማለዳ ቀስቅሶ ትምህርት ቤት የማድረስ ጣጣ የለባትም። ሁለት ወላጆች ባሉበት ቤት አንዱ ሲቆጣ ሌላው ያባብላል፤ በእርስዎ ቤት ሁለቱም ከአንድ ሰው ይጠበቃሉ፣ ከሌሊት ፈረቃ ለተመለሰች እናት ደግሞ ቀድሞ ከአፏ የሚወጣው ትእዛዝ ነው። እህቱ ሹሩባ ሲሠሩላት ጉልበትዎ ሥር ተቀምጣ ታወራለች፤ እርሱ እንዲህ ያለ ሰዓት የለውም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኧርል ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1965 ልጆች ራሳቸው የወላጆቻቸውን አያያዝ የሚገልጹበትን መጠይቅ ሲያቀርብ፣ ጥብቅ ቁጥጥርን ልጅን በጥፋተኝነት ስሜት አስሮ ከመያዝ ለይቶ አስቀምጦታል። ይህን ያነሳሁት ካሰፈሩት ሁሉ ያሳሰበኝ ቁጣዎ ሳይሆን «ለማን ብዬ ነው እንዲህ የምቃጠለው?» የምትለዋ ንግግር ስለሆነች ነው። እርስዎ ድካምዎን መናገርዎ ነው፤ ልጁ የሚሰማው ግን «ሸክሜ አንተ ነህ» የሚል ነው።

ስለዚህ የመኝታና የጥናት ሰዓቱን አያላሉ፤ ያቺን ንግግር ግን «ደክሞኛል፣ ትንሽ ልረፍና እናወራለን» በሚለው ይተኩልኝ፤ ካረፉም በኋላ ቃልዎን ጠብቀው ያውሩት። ፈረቃዎ በፈቀደ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ለሚኒባሱ ረዳት አደራ ሰጥተው ከሚመለሱ አብረውት ተሳፍረው ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ይውጡ፤ በመንገድ ላይ ስለ ደብተር አይጠይቁት፣ እርሱ ያነሳውን ብቻ ይስሙት። ደሴ ሲደርሱ ደግሞ አባቱን ለብቻ አግኝተው ቅዳሜ ከሰዓት የሒሳብ ደብተሩን እንዲያይለት ይጠይቁልኝ፤ ይህ ከቀለብ ገንዘብ ያላነሰ የአባት ድርሻ ነው፣ ልጁም «አሳይ እስኪ» የሚለውን ቃል ከአባቱ አፍ ጭምር መስማት ይጀምራል።